ልጃችሁን ከቀጠሮው አታስቀሩት

ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ በዋሽንግተን፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ልጅ ያሳደጋችሁ የዕድሜ እኩዮቼ፤ ይህን ማስጠንቀቂያ የምጽፈው ለእናንተ ነው። ለወጣቶቹ የሚናገር አይጠፋም። እኛን ወላጆችን ግን ማንም ደፍሮ አይናገረንም፤ እኛም እርስ በርስ እንተፋፈራለን። በዚህ መተፋፈር መካከል ልጆቻችን እየታሰሩ ነው፤ እየሞቱም ነው። ለቅሶ ቤት ገብተን "ምን አገኘው?" ስንል "ድንገተኛ ነው፣ ተኝቶ አልነቃም" ይሉናል። አንገታችንን ደፍተን እንቀመጣለን። ልጁ ፕሮቤሽን ላይ እንደነበር፣ የሽንት ምርመራ እንደወደቀና ከዚያ ወዲያ ቀጠሮ መሄድ እንዳቆመ የምንሰማው ከአርባው በኋላ ነው።

የምለው ይህ ነው። ልጃችሁ ምርመራው ፖዘቲቭ ቢወጣ፣ ወይም ነገ ፖዘቲቭ እንደሚወጣ ቢነግራችሁ፣ ከቀጠሮው አታስቀሩት። ሌላ ስቴት ወዳለው አጎቱ አትላኩት። በሽምግልናም በአስተርጓሚነትም ከብዙ ቤተሰብ ጋር ፍርድ ቤት ቆሜያለሁ። እንዳየሁት ከሆነ ልጆቻችንን በአብዛኛው የሚያሳስራቸው ምርመራ መውደቃቸው ሳይሆን ከወደቁ በኋላ መጥፋታቸው ነው። ለመጥፋታቸው ደግሞ ትልቁ ምክንያት የእኛን ፊት መፍራታቸው ነው።

ነገሩን ለማታውቁት ላስረዳ። ፕሮቤሽን አገር ቤት "በገደብ ተለቀቀ" እንደምንለው ያለ ነው፤ ዳኛው እስሩን አንጠልጥሎ ያቆየውና ሰውዬው በውጭ ሆኖ የተሰጡትን ግዴታዎች እንዲፈጽም ያዛል። በአሜሪካ ወደ 3 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው በዚህ ሁኔታ ይኖራል። ዕፅ አለመጠቀምና ሲጠሩ ቀርቦ መመርመር ከተለመዱት ግዴታዎች ናቸው። በብዙ ቦታ ልጁ በየማለዳው ስልክ ደውሎ የዕለቱን ቀለም ወይም ቁጥር ያዳምጣል፤ የእሱ ከተጠራ ሥራም ትምህርትም ቢኖረው በዚያው ቀን ይሄዳል። መጸዳጃ ቤት ውስጥ አንድ ሠራተኛ አጠገቡ ቆሞ እያየው በትንሽ የፕላስቲክ ዕቃ ይሸናል። በዕቃው ጎን የተለጠፈች የሙቀት መለኪያ አለች፤ ሽንቱ አሁን ከሰውነቱ የወጣ ይሁን ከውጭ ተደብቆ የገባ፣ እሷን አይተው ይለያሉ። ጎልማሳ ልጅ በሰው ዓይን ሥር እንዲህ ሲቆም ምን እንደሚሰማው አስቡት። ከዚያ ወጥቶ ቤት ሲደርስ ደግሞ የሚጠብቀው ስድብና እንባ ከሆነ፣ በሚቀጥለው ማለዳ ስልኩን ላያነሳ ይችላል።

አሁን ሕጉን ተመልከቱ፤ ዓመቶቹን ሁሉ በዚህ አገር አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው። በቨርጂኒያ ከጁላይ 2021 ጀምሮ ዕፅ ተጠቅሞ መገኘት "ቴክኒካል" ከሚባሉት ጥሰቶች አንዱ ነው። ለመጀመሪያው ቴክኒካል ጥሰት ዳኛው ልጁን እስር ቤት ማስገባት አይችልም። ለሁለተኛው ከ14 ቀን አያልፍም። ከሦስተኛው ጀምሮ ግን የተንጠለጠለው እስር በሙሉ በዳኛው እጅ ነው። ከተቆጣጣሪው የተሰወረ ሰው ግን የመጀመሪያው ጥፋቱ ከወዲሁ እንደ ሁለተኛ ይቆጠርበታል። በሜሪላንድም ከኦክቶበር 2017 ወዲህ የቴክኒካል ጥሰት እስር ጣሪያ ለመጀመሪያው 15፣ ለሁለተኛው 30፣ ለሦስተኛው 45 ቀን ሆኗል፤ ዳኛው ጣሪያውን የሚያልፈው ለሕዝብ ደኅንነት ያሰጋል ብሎ ሲወስን ነው። መሰወር ግን ቴክኒካል ከሚባለው ውጭ ስለሆነ ይህ ጣሪያ አይጠብቀውም። የፌዴራሉ ሕግ ይከብዳል። በአንድ ዓመት ውስጥ ከ3 ጊዜ በላይ ፖዘቲቭ የወጣ ሰው ፕሮቤሽኑ ተሰርዞ እንዲታሰር ያዛል፤ ሆኖም ተገቢ ሕክምና መኖሩን ዳኛው አይቶ ከዚህ ትዕዛዝ ሊያወጣው እንደሚችል ያው ሕግ ይፈቅዳል። አልመረመርም ያለ ሰው ግን እስከ ሦስት አይቆጠርለትም፤ አንዴ እምቢ ማለቱ ይበቃል።

አያችሁ፣ ቀርቦ ለወደቀው ልጅ ሕጉ ጥቂት ርኅራኄ አስቀምጧል፤ ለጠፋው አላስቀመጠም። እኛ ግን ልጁን ከመጀመሪያው አውጥተን ወደ ሁለተኛው እንገፋዋለን።

ይህን ስል ሥርዓቱ ትክክል ነው ማለቴ አይደለም። ፕሮቤሽን የተጀመረው በምሕረት ነበር። በ1841 በቦስተን ጆን ኦገስተስ የተባለ ጫማ ሠሪ፣ በስካር ተከሶ ፍርድ ቤት የቀረበን ሰው ዋስ ሆኖ አስለቀቀው፤ ከሦስት ሳምንት በኋላ መጠጥ ትቶ፣ ሌላ ሰው መስሎ ይዞት ተመለሰ፤ ዳኛውም ከፍርድ ቤቱ ወጪ ሌላ አንድ ሳንቲም ብቻ ቀጣው። ለሱሰኛ ዋስ በመሆን የተጀመረ ነገር ዛሬ ሱሰኛውን መልሶ ማሰሪያ ሲሆን ማየት ያሳዝነኛል። በ1962 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሱሰኛ መሆን በራሱ ወንጀል ተደርጎ ሊያስቀጣ አይችልም ብሎ ወስኗል። በ2018 ደግሞ የማሳቹሴትስ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ፊት አንዲት ሴት ቀረበች። ሱሷን ለማስታገስ ሰርቃ ፕሮቤሽን ተሰጥቷት ነበር። ሕክምና ጀምራ መድኃኒቱን እየወሰደች ሳለ በቀናት ውስጥ ፌንታኒል የተባለ ዕፅ ተገኘባትና የሕክምና አልጋ እስኪገኝ ድረስ አሥር ቀን ያህል ታሰረች። ጠበቆቿ "ማገርሸት የበሽታው ምልክት ነው፤ ታማሚን በምልክቱ አትቅጡ" ብለው ተከራከሩ። ፍርድ ቤቱ አልተቀበላቸውም፤ ዳኛ ከዕፅ ንጹሕ ሁኚ ብሎ ማዘዝ ይችላል፣ ትዕዛዙን መጣስም ጥሰት ነው አለ። ሐኪሙ ሕመም የሚለውን ፍርድ ቤቱ አለመታዘዝ ይለዋል። ልጃችሁ የሚቆመው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ነው። ከጎኑ የሚቆም ካጣ ማን እንደሚያሸንፍ ግልጽ ነው።

አንዳንድ አባቶች "ጥቂት ይታሰርና ይማር" ትላላችሁ። ይህን ሐሳብ በሃዋይ በ2004 ስቲቨን አልም የተባሉ ዳኛ በሥርዓት ሞክረውታል፤ ምርመራ የወደቀ ወዲያውኑ ለጥቂት ቀን ይታሰራል፣ ይወጣል፣ ፕሮቤሽኑን ይቀጥላል። እዚያው ሃዋይ የተደረገው ጥናት ጥሩ ውጤት አሳይቶ ነበር። በኋላ በሌሎች አራት ቦታዎች ሲሞከር ግን ዳግም የሚታሰረው ሰው ከተለመደው ፕሮቤሽን አላነሰም። እስር ያስተምራል ብላችሁ በልጃችሁ ላይ አትወራረዱ።

እናቶች ደግሞ "ውሃ በደንብ ጠጣ፣ ሎሚ ጨምርበት" ስትሉ ሰምቻለሁ። ተዉት። ላቦራቶሪው ሽንቱ የቀጠነ መሆኑን ክሬአቲኒን የሚባለውን ነገር ለክቶ ያውቃል፤ የቀጠነ ሽንት በብዙ ቦታ እንደ ጥሰት ይመዘገባል። የሰው ሽንት ወይም ከኢንተርኔት የተገዛ ሰው ሠራሽ ሽንት ይዞ መግባት ደግሞ በቨርጂኒያም በሜሪላንድም ራሱን የቻለ ወንጀል ነው። የሚጠቅመው ሌላ ነው። የመጀመሪያው ፈጣን ምርመራ ይሳሳታል፤ እንደ ሱዳፌድ ያለ የጉንፋን መድኃኒት አምፌታሚን መስሎ ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ ልጁ የሚወስደውን መድኃኒት ሁሉ አስቀድሞ ያስመዝግብ፤ አልተጠቀምኩም ካለ ናሙናው በላቦራቶሪ በማስ ስፔክትሮሜትሪ እንዲረጋገጥ ይጠይቅ። ማሪዋና አዘውትሮ ያጨስ የነበረ ሰው ካቆመም በኋላ ለሳምንታት ፖዘቲቭ ሊወጣ ይችላል፤ መጠኑ ከምርመራ ምርመራ እየቀነሰ መሆኑን ጠበቃው ማሳየት አለበት።

ስለ ማሪዋና ከተነሳ፣ በሜሪላንድ ከ2023፣ በቨርጂኒያ ከ2021 ጀምሮ ለአዋቂ ተፈቅዷል ብላችሁ አትዘናጉ። የፕሮቤሽን ወረቀቱ ከከለከለው ክልክል ነው፤ በፌዴራል ሕግ ደግሞ ዛሬም ክልክል ነው። ጫትም እንደዚያው። እኛ አዛውንቶች "ቅጠል ናት" እያልን በልጆቻችን ፊት ስንቅማት ኖረናል። በትኩሱ ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ከ1993 ጀምሮ ከሄሮይን ጋር በአንደኛው የክልከላ ደረጃ ላይ ተመድቧል። ፕሮቤሽን ላይ ያለ ልጅ ባለበት ቤት በርጫ አይቀመጥም። ይህን ለወንዶቹ ነው የምለው፤ ደግሜ አልለውም።

ሌላው የምንበድልበት መድኃኒቱን መናቅ ነው። ሐኪም ሜታዶን ወይም ሱቦክሶን ሲያዝ "አንዱን ሱስ በሌላ ተካው" ብለን እናስጥለዋለን። እነዚህ መድኃኒቶች ኦፒዮይድ የሚባሉትን፣ ሄሮይንንና ፌንታኒልን የመሰሉትን ሱሶች ለማከም የሚሰጡና ከሞት የሚያድኑ ናቸው። አንዳንድ ዳኞችና ተቆጣጣሪዎችም እንደ እኛ አስበው ሲከለክሉ ኖረዋል። የፍትሕ ሚኒስቴሩ ግን በ2022 በሐኪም የታዘዘለትን እንዲህ ያለ መድኃኒት የሚወስድ ሰው በአካል ጉዳተኞች መብት ሕግ እንደሚጠበቅ አስታውቋል፤ በዚያው ዓመት የፔንሲልቬኒያን ፍርድ ቤቶች በዚህ ጉዳይ ከሷል። ተቆጣጣሪው ተወው ቢለው ጠበቃ ጋ ይሂድ። እናት ወይም አባት ተወው ብሎት ቢተወው ግን ልጁ አቤት የሚልበት የለውም።

አሁን ወደሚያስፈራኝ ልምጣ። ልጁ ዜጋ ካልሆነ ነገሩ ሁሉ ይለወጣል። በዕፅ ጉዳይ የተፈረደበት ዜጋ ያልሆነ ሰው፣ ግሪን ካርድ ቢኖረውም፣ ከአገር ሊባረር ይችላል። ከዚህ የሚድነው ከ30 ግራም ያልበለጠ ማሪዋና ለራሱ ብሎ በመያዝ አንድ ጊዜ የጠፋ ብቻ ነው። የስቴቱ ፍርድ ቤት "ፕሮቤሽኑን ጨርስ፣ መዝገብህ ይዘጋል" ቢለውም፣ ኢሚግሬሽን ከ1996 ጀምሮ የሚያየው ጥፋተኛ ነኝ ማለቱንና ዳኛው አንዳች ቅጣት ወይም ገደብ መጣሉን ነው፤ ያ ለእሱ ፍርድ ነው። ዕፅ የመጠቀም ሱስ ራሱ ከማባረሪያ ምክንያቶች አንዱ ሆኖ በሕጉ ተጽፏል። ስለዚህ ዜጋ ያልሆነ ልጅ ቀጠሮው ላይ ይገኝ፣ ይመርመር፤ "ተጠቅሜያለሁ" የሚል የእምነት ወረቀት ግን የኢሚግሬሽን ሕግ የሚያውቅ ጠበቃ ሳያየው አይፈርም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2010 የወንጀል ጠበቃ ለደንበኛው ስለ መባረር አደጋ መንገር እንዳለበት ወስኗል፤ ካልነገራችሁ እናንተ ጠይቁት።

ይህን የመባረር አደጋ ሳስብ ጸበል ትዝ ይለኛል። እኔ አማኝ ነኝ፤ በጸበል የዳነ ሰው አውቃለሁ። ግን ስንቶቻችን ነን ልጁ ሱስ ሲይዘው ትኬት ቆርጠን "እንጦጦ ሄዶ ይጠመቅ" ያልነው? ፕሮቤሽን ላይ ያለ ሰው ያለ ፈቃድ ከስቴቱ እንኳ መውጣት አይችልም። አዲስ አበባ በገባ በሳምንቱ ማለዳ ቀለሙ ይጠራል፤ አይደውልም፤ ከዚያ የመያዣ ትዕዛዝ ይወጣበታል። ግሪን ካርድ ይዞ በዕፅ የተፈረደበት ከሆነ ደግሞ፣ ተመልሶ ደለስ አየር ማረፊያ ሲደርስ እንደ አዲስ መግባት የሚጠይቅ ሰው ተቆጥሮ ሊታገድ ይችላል። የ30 ግራሙ ምሕረት ራሱ እዚህ ላለ ሰው እንዳይባረር እንጂ ከውጭ ለሚመለስ መግቢያ አይሆነውም። እዚህ ቢቀመጥ በዚያ ፍርድ የማይባረር ልጅ ለመዳን ብሎ ወጥቶ በዚያው ሊቀር ይችላል። እዚህም ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ ጸበል አለ። እዚሁ አስጠምቁት።

ታናናሽ ልጆች ላላችሁ ደግሞ፣ ዜግነታችሁን አታዘግዩ። ከ2001 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው ሕግ መሠረት ከ18 ዓመት በታች የሆነና ግሪን ካርድ ያለው ልጅ፣ ዜጋ ከሆነ ወላጁ ጋር በእሱ አሳዳጊነት እየኖረ ከሆነ ወዲያውኑ ዜጋ ይሆናል። ወላጅ ፎርሙን መሳቢያ ውስጥ ትቶት ልጁ 18 ካለፈው ይህ በር ተዘግቷል። እድራችን ሬሳ አገር ቤት ለመላክ ገንዘብ ያጠራቅማል፤ ከዚያው ላይ ለኢሚግሬሽን ጠበቃ የሚሆን እንዲመደብ በሚቀጥለው ስብሰባ ሐሳብ አቀርባለሁና ደግፉኝ።

ፍርድ ቤትን በተመለከተ፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1973 እንደወሰነው ፕሮቤሽን ከመሰረዙ በፊት ልጁ የተከሰሰበትን በጽሑፍ የማወቅ፣ ቀርቦ የመሰማትና ምስክር የማቅረብ መብት አለው። ማስረጃው ግን እንደ ዋናው ክስ ጥብቅ አይደለም፤ ዳኛው "ሳይሆን አይቀርም" ካለ ይበቃል። ስለዚህ ክዶ መከራከር ብዙ ጊዜ አያዋጣም። አንድ ቀን በፍርድ ቤት ኮሪደር አንድ አባት "ልጄ እንዲህ ያለ ነገር አይነካም ብለህ ተርጉምልኝ" አለኝ። የላቦራቶሪው ወረቀት ከዳኛዋ ፊት ነበር። እናትየዋ ነጠላዋን አጣፍታ ዝም ብላ ተቀምጣለች። ልጁ እዚሁ የተወለደ ዜጋ ነው። ጠበቃው ለእናትየዋ እንድትናገር ፈቃድ ሲጠይቅላት ተነሥታ፣ "ልጄ ታሟል፤ እኔ ጋ ነው የሚያድረው፤ በየማለዳው እኔ ይዤው እመጣለሁ" አለች። ከቦርሳዋም የቤተ ክርስቲያን ፖስታ አወጣች፤ በጀርባው በእስክሪብቶ የሕክምና ማዕከሉ ስልክና አልጋው የሚለቀቅበት ቀን ተጽፎበታል። ለሳምንት ያህል ስትደውል ሰንብታ ያገኘችው ነው። ዳኛዋ ጉዳዩን ከዚያ ቀን በኋላ ቀጠረችው፤ ልጁም ከእስር ቤት ይልቅ ወደ ሕክምና ሄደ።

ከችሎቱ በፊት ሕክምናውን ራሳችሁ ፈልጉ ማለቴ ነው። ዳኛው "ምን ታስቦለታል?" ሲል የሚመልስ ሰው ይኑር። ጠበቃው ይናገር፤ እናንተ ግን ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል ሰምተን ያደግን ነን፤ ልጆቻችን ላይ ስንደርስ ለምን እንረሳዋለን?

ይህም ሁሉ ተደርጎ ልጁ ሊታሰር ይችላል። እንግዲህ ከሁሉ በላይ ልብ በሉልኝ፤ የሚያሰጋው መታሰሩ ሳይሆን የሚወጣበት ቀን ነው። በእስር ሳለ ሰውነቱ ዕፁን መቋቋም ይረሳል። ወጥቶ የድሮውን መጠን ከወሰደ ይገድለዋል። በምዕራብ ዳርቻ በዋሽንግተን ስቴት በተደረገና በ2007 በታተመ ጥናት፣ ከእስር የወጡ ሰዎች በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት የመሞት ዕድላቸው ከሌላው ነዋሪ ከ12 እጥፍ በላይ ሆኖ ተገኝቷል፤ ከመጠን ባለፈ ዕፅ የመሞት ዕድላቸው ደግሞ 129 እጥፍ ነበር። ዛሬ በመንገድ የሚሸጠው በፌንታኒል የተበረዘ ነውና አሁን ይብሳል እንጂ አይቀልም። እኛ ግን በዚያ ሳምንት ነው "ቤቴን አሳፈርከው፣ አትምጣብኝ" የምንለው።

አትበሉት። በእነዚያ ሁለት ሳምንታት ብቻውን አይደር፣ በሩን ቆልፎ አይተኛ፣ መታጠቢያ ቤት ሲቆይ አንኳኩ። ናርካን የሚባለውን በአፍንጫ የሚነፋ መድኃኒት ከ2023 ጀምሮ ያለ ሐኪም ትዕዛዝ ከፋርማሲ መግዛት ይቻላል፤ ገዝታችሁ አያትም ታናሽ እህትም በሚደርሱበት ቦታ አስቀምጡ፤ አጠቃቀሙን ለቤቱ ሰው ሁሉ አሳዩ። ከንፈሩ ጠቁሮ፣ ትንፋሹ ዘግይቶ፣ ስትጠሩት አልነቃ ካለ አንዱን በአፍንጫው ንፉና ወዲያው 911 ደውሉ። በሦስት ደቂቃ ውስጥ ካልነቃ ሁለተኛውን ጨምሩ። "ፖሊስ ይመጣል፣ ፕሮቤሽኑ ይበላሻል" ብላችሁ እንዳታመነቱ፤ በሜሪላንድ ሕግ ሰው እንዲድን እርዳታ በመጠራቱ ብቻ የተገኘ ማስረጃ እንደ ፕሮቤሽን ጥሰት ተቆጥሮ አያስቀጣም። ሌላ ስቴት ብትሆኑም ደውሉ። የፕሮቤሽኑን ነገር ነገ ከጠበቃው ጋር ትነጋገሩበታላችሁ።